የሒሳብ ሙያ ማስረጃ የባሕር ማዶ በር ይከፍታልን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የሒሳብ ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)




ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ በመማሪያ ክፍል ውስጥ የማይነሣ፣ ከክፍል ውጭ ግን ቀንና ሌሊት የሚነሣ ነው። በቤተ መጻሕፍት ደረጃ ላይ፣ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ፣ ማታም በመኝታ ቤት መብራት ከጠፋ በኋላ እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ይህንኑ ነው። ይኸውም፦ «የዓለም አቀፍ የሒሳብ ሙያ ፈተና ወስጄ ማስረጃውን ብይዝ፣ በባለሙያነት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ይረዳኛል ወይስ አይረዳኝም?» የሚል ነው። እኛም ይህን ጥያቄ በወሬ ከምናሳልፈው እንደ ሒሳብ መዝገብ ከፍተን፣ ዴቢቱን በግራ ክሬዲቱን በቀኝ አድርገን ለመመርመር ተስማማን።

ለዚህ ምርመራ ያነሣሣን የአንድ ጓደኛችን ነገር ነው። ስሙን አንጠራውም፤ ነገር ግን ታሪኩ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብሎ እንድንናገረው ፈቅዶልናል። ይህ ጓደኛችን ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ በአንድ ማስጠኛ ቤት ግድግዳ ላይ «ይህን የሙያ ማስረጃ የያዘ ሰው ቪዛ አይቸግረውም» የሚል ማስታወቂያ አነበበ። በገጠር ከተማ አነስተኛ ሱቅ ያላት ታላቅ እኅቱ ዕቁብ በወጣላት ጊዜ፣ የቤቷን ቆርቆሮ ልትቀይርበት ያሰበችውን ገንዘብ ለእርሱ ሰጠችው። እርሱም ለንደን ባለው ማኅበር ተመዘገበ፤ ሌሊት እያጠና ሁለት ፈተና አለፈ። ሦስተኛውን ሊከፍል ሲዘጋጅ ግን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፓውንድ የሚከፈለውም የፈተና ዋጋ ለንደን ላይ ያን ያህል ሳይጨመርበት አዲስ አበባ ላይ እጥፍ ገደማ ሆነ። ጓደኛችን በዚያን ጊዜ ነው፣ ያለፋቸው ሁለቱ ፈተናዎች ለቪዛ ምን ያህል እንደሚቆጠሩለት ለማወቅ የየአገሩን ደንብ ፈልጎ ያነበበው። ቢያነብ የሚቆጠርለት ምንም ነገር አላገኘም። ወደ እኛ መጥቶ «አሁን እትዬን ምን ልበላት?» አለን። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማስረጃው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንይ። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሒሳብ ባለሙያዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት እውቅና ማግኘት የጀመሩት በስኮትላንድ ሲሆን፣ የኤዲንብራው ማኅበር የንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው በ1854 ነው። ዛሬ በእኛ ተማሪዎች ዘንድ «ኤሲሲኤ» እየተባለ የሚጠራው ማኅበር ደግሞ በ1904 ለንደን ውስጥ በስምንት የሒሳብ ሰዎች የተመሠረተ ነው። እስከ ዛሬ በሠራበት ሥርዓት ይህ ማኅበር 13 ፈተናዎች አሉት። ከፈተናዎቹ ሌላ የሥነ ምግባር ትምህርት መጨረስና የ36 ወራት የሥራ ልምድ በኀላፊ ፊርማ አስመስክሮ ማቅረብ ያስፈልጋል። እንግዲህ ፈተና ያለፈ ሁሉ አባል አይደለም። ብዙዎቻችን «ማስረጃውን ያዝሁ» የምንለው ገና ከሦስቱ ነገሮች አንዱን ሳንጨርስ ነው። ሥራ ሳይዙ አባልነት የለም፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ከሁሉ በፊት ዲግሪያችንን መጨረስ አለብን።

በዚህ ላይ ጓደኛችን ሳያውቀው የቀረ አንድ ነገር አለ። ተስማሚ የሒሳብ ዲግሪ ያለው ሰው ለዚህ ማኅበር ሲመዘገብ፣ እንደ ትምህርቱ ዓይነት እስከ 9 ከሚደርሱ የመጀመሪያ ፈተናዎች ነጻ ሊደረግ ይችላል። እርሱ በእኅቱ ዕቁብ የከፈለባቸው ሁለቱ ፈተናዎች ከነዚሁ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነበሩ። ሁለት ዓመት ታግሦ ቢሆን ኖሮ ሌሊት ሳያጣ ሊያልፋቸው ይችል ነበር። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እኛ እንደ ተረዳነው አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከአገሩ ወጥቶ በሌላ አገር በሙያው እስኪሠራ ድረስ የሚያልፋቸው በሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥት በር ነው፤ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው የሙያው በር ነው፤ በባለሙያ ስም ማን ይጠራ የሚለውን ይወስናል። ሦስተኛው የአሠሪው በር ነው፤ ማን ይቀጠር የሚለውን ይወስናል። ሦስቱ በረኞች አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ያ ማስጠኛ ቤት ያደረገው ማታለል ለሦስተኛው በር የሚጠቅመውን ቁልፍ የመጀመሪያውን በር ይከፍታል ብሎ መሸጡ ነው።

የመጀመሪያውን በር ለመመልከት ካናዳን እንውሰድ። ካናዳ ለረጅም ዘመን ሰውን በዘሩና በትውልድ አገሩ እየመረጠች ታስገባ ነበር። በ1962 ግልጹን የዘር ልዩነት ከደንቧ አወጣች፤ በ1967 ደግሞ ሰው በነጥብ የሚመዘንበትን ሥርዓት አቆመች። አውስትራሊያም «ነጭ ብቻ» የሚለውን መመሪያዋን ጨርሳ የተወችው በ1973 ነው። ይህን የምናስታውሰው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። የነጥብ ሥርዓት ከበፊቱ የተሻለ ፍትሕ ያለው ነገር ቢሆንም፣ ሰውን በሠንጠረዥ የሚመዝን ስለ ሆነ በሠንጠረዡ ውስጥ ረድፍ የሌለው ነገር ምንም ያህል ቢያደክም አይቆጠርም።

በካናዳ የሠለጠነ ሠራተኛ ደንብ ሙሉው ነጥብ 100 ሲሆን ማለፊያው 67 ነው። ቋንቋ እስከ 28፣ ትምህርት እስከ 25፣ የሥራ ልምድ እስከ 15፣ ዕድሜ እስከ 12፣ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ 10፣ በአገሩ ለመላመድ የሚረዱ ነገሮች 10 ያሰጣሉ። በዚህ ሠንጠረዥ አንዱን ከእኛ መካከል እንመዝነው። ዕድሜው 25 ዓመት ነው፤ 12 ነጥብ ያገኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ 21 ያገኛል። በሒሳብ ሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፤ 11 ያገኛል። እስከዚህ ድረስ 44 ሆነ። በእንግሊዝኛ ፈተና ከፍተኛውን ደረጃ ካገኘ 24 ተጨምሮለት 68 ይሆናል፤ ያልፋል። በእንግሊዝኛው አንድ ደረጃ ዝቅ ካለ ግን የሚያገኘው 20 ነው፤ ድምሩ 64 ይሆናል፤ ይወድቃል። የሥራ ልምዱም ሁለት ዓመት መሆኑ ቀርቶ አንድ ዓመት ብቻ ቢሆን 9 ነጥብ ስለሚያገኝ፣ እንግሊዝኛው ፍጹም ቢሆን እንኳ 66 ላይ ቀርቶ በአንድ ነጥብ ይወድቃል።

ጓደኞቻችን፤ በዚህ ድምር ውስጥ «የሒሳብ ማኅበር አባል» የሚል ረድፍ አይታችኋልን? እኛ አላየንም። ከውጭ የመጣን ትምህርት የሚገመግመው ድርጅት የሙያ ማስረጃውን እንደ ሁለተኛ የትምህርት ማስረጃ ከቆጠረው በትምህርት ረድፍ አንድ ነጥብ ሊጨመር ይችላል፤ የዚያ ሁሉ ሌሊት ዋጋ በዚህ በር ላይ ከዚህ አይበልጥም። የእንግሊዝኛው አንድ ደረጃ ግን 4 ነጥብ ያወጣል። 67 ያገኘም ሰው ገና ወደ ገንዳው ገባ ማለት ነው እንጂ ተጠራ ማለት አይደለም። ከጥር 2015 ጀምሮ በገንዳው ያሉት ሁሉ በሌላ ሠንጠረዥ እንደ ገና ተመዝነው ከላይ ያሉት ብቻ ይጠራሉ። በ2023 ደግሞ በሙያ ዓይነት ለይቶ መጥራት ሲጀመር፣ ለብቻቸው ከተጠሩት ወገኖች መካከል የጤና፣ የግንባታና የእርሻ ሠራተኞች ሲገኙ የሒሳብ ባለሙያ አልነበረበትም። በመጋቢት 2025 ደግሞ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ በዚህ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ያሰጠው የነበረው ነጥብ ተነሣ። ደንቡ እንዲህ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ባለው ደንብ ተማምኖ የአምስት ዓመት ብድር የሚገባ ሰው በአሸዋ ላይ ቤት ይሠራል።

በአውስትራሊያ ነገሩ ትንሽ ይለያል። በዚያ አገር የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ ሙያው መገምገም አለበት። ገምጋሚዎቹ መንግሥት የሾማቸው ሦስት የሒሳብ ማኅበራት ናቸው። እነርሱም የተማርነውን ትምህርት አንድ በአንድ እያነሡ ኦዲት ተምሯልን፣ የንግድ ሕግ ተምሯልን፣ የዋጋ ሒሳብ ተምሯልን እያሉ ይመረምራሉ። እንግዲህ በዚህ አገር የመጀመሪያውና ሁለተኛው በር ተጠጋግተው ቆመዋል ማለት ይቻላል። የሙያ ትምህርትም ከዲግሪው ጋር ሲቀርብ ከካናዳ የበለጠ ዋጋ ሊኖረው የሚችለው ለዚህ ነው። ቢሆንም ለማመልከት የሚጠየቀው 65 ነጥብ ሲሆን፣ የሒሳብ ሰው እጅግ ብዙ ስለሚያመለክት ከዚያ በጣም የላቀ ነጥብ ያላቸው ብቻ ሲጠሩ ታይቷል። ዕድሜውም 45 ሳይሞላ መጠራት አለበት።

ወደ እንግሊዝ አገር ስንመጣ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ማኅበሩ የተወለደው በለንደን ሆኖ ሳለ፣ የማኅበሩ አባልነት በራሱ ለንደን አያስገባም። በእንግሊዝ የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ለማግኘት መጀመሪያ መንግሥት የፈቀደለት አሠሪ «ይህን ሰው እፈልገዋለሁ» ብሎ መፈረም አለበት። ደመወዙም ከወለሉ ማነስ የለበትም፤ በሐምሌ 2025 አጠቃላዩ ወለል በዓመት 41,700 ፓውንድ እንዲሆን ተወስኗል። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ ለመናገር፣ ወደ ሙሉ የሙያ አባልነት ለመድረስ በመማር ላይ ላለ ጀማሪ ይህ ወለል ዝቅ የሚልበት ድንጋጌ አለ። በዚህ በኩል ማስረጃው ጥቂት ይረዳል። ይህም ቢሆን አሠሪ ለተገኘለት ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው በር የሙያው በር ነው አልን። በካናዳ ቀድሞ ሦስት የነበሩት የሒሳብ ማኅበራት ዛሬ «ሲፒኤ» በሚል አንድ ስም ተዋሕደዋል፤ ስሙን የሚሰጡት ግን በየክፍለ አገሩ ያሉት ማኅበራት ናቸው። በአሜሪካም ፈቃድ የሚሰጠው በየስቴቱ ነው፤ ኒውዮርክ ለዚህ ሙያ ሕግ ያወጣችው በ1896 ነው። ወደ እነዚህ አገሮች ቀድመውን የሄዱ፣ ብዙዎቹም በዲቪ ሎተሪ የሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የገጠማቸው ይህ በር ነው። ሎተሪው የመጀመሪያውን በር ያለ አንዳች የሙያ ማስረጃ ከፍቶላቸዋል፤ ሁለተኛው ግን ተዘግቶ ቆይቷቸዋል። በአገሩ የባንክ ሒሳብ ሹም የነበረ ሰው በዚያ መኪና ጠባቂ ሆኖ መሥራቱን ከዘመዶቹ ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? በእኛ አስተሳሰብ የሙያ ማስረጃ እውነተኛ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዓለም የታወቀ ማኅበር አባል የሆነ ሰው ሁለተኛውን በር ሲያንኳኳ ከባዶ አይጀምርም፤ አንዳንዱ ፈተና ሊነሣለት ይችላል። ማኅበራቱ እርስ በርሳቸው እውቅና ለመሰጣጣት የሚዋዋሉበትም ጊዜ አለ። ውሉ ግን ይታደሳል፣ ይሻሻላል፣ ይቋረጣልም፤ ስለዚህ ከመክፈል በፊት በሥራ ላይ ያለውን ውል ማንበብ ይገባል።

የሙያው ቋንቋ ራሱም የሚረዳ ነው። አውስትራሊያና የእንግሊዝ አገር በአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች በ2005፣ የካናዳዎቹ በ2011 ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደንብ ማቅረብ ጀምረዋል። አገራችንም በ2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ይህንኑ ደንብ ተቀብላለች። አሜሪካ ግን ለራሷ ኩባንያዎች የራሷን ደንብ እንደ ያዘች ናት። ስለዚህ ደንቡን ጠንቅቆ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ የቶሮንቶን ኩባንያ የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ አይከብደውም። የአገሩን የግብርና የኩባንያ ሕግ ግን እንደ ገና መማር አለበት።

ሦስተኛው በር የአሠሪው ነው። በዚህ በር ላይ የታወቀ የሙያ ማስረጃ በእርግጥ ይናገራል። አሠሪ የእኛን ዩኒቨርሲቲ ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ የማኅበሩን ስም ግን ያውቀዋል። በተለይ በዱባይ፣ በዶሃና በሪያድ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ ላይ እነዚህ ማስረጃዎች በስማቸው ሲጠሩ ይታያል። ሆኖም በባሕረ ሰላጤ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ መኖሪያውም ያልቃል። ይህን አውቆ የሚሄድ ይሂድ፤ ሳያውቅ የሚሄድ ግን ሊያዝንበት ይችላል።

እንግዲህ መዝገባችንን እንዝጋ። የሙያ ማስረጃ በመንግሥት በር ላይ ያለው ዋጋ ጥቂት ነው፤ በሙያው በር ላይ መካከለኛ ነው፤ በአሠሪው በር ላይ ብዙ ነው። በመንግሥት በር ላይ ብዙ የሚቆጠሩት ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም የተጠናቀቀ ዲግሪ፣ በደብዳቤ የተመሰከረ እውነተኛ የሥራ ልምድ፣ የቋንቋ ፈተና ውጤትና ገና ያላለፈ ዕድሜ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ማስረጃው «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል።

በዚህ ላይ ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ምርመራችንን ሲሰሙ የተናገሩትን መደበቅ አይገባንም። «እናንተ በገበሬ ግብር የተማራችሁ ልጆች፣ የምታስሉት መውጫችሁን ብቻ ነውን?» አሉን። ቃላቸው መረረን፤ ነገር ግን ስንመለከተው እውነት አለበት። በአገራችን የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። በታኅሣሥ 2024 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍት አዋጅ አጽድቋል። በጥር 2025 የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ገበያ የሚቆመው በሚታመን ሒሳብ ላይ ነው፤ የሚታመን ሒሳብ የሚወጣውም ከሚታመን ባለሙያ ነው። አክሲዮን የሚገዛው ባለ ሱቅና ጡረተኛ ገንዘቡን የሚያስቀምጠው እኛ በምንፈርምበት ወረቀት ተማምኖ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ከጠፋ የውጭ ባለሙያ በዶላር ይመጣል፤ እኛ ደግሞ በዚያ አገር መኪና እንጠብቃለን።

ነገር ግን ለመምህራችን በአክብሮት የምንመልሰው አለ። ሰው የሚሄደው አገሩን ስለ ጠላ ብቻ አይደለም። የወር ደመወዙ የቤት ኪራይ አልከፍል ሲለው፣ ታናናሾቹም እጁን ሲጠብቁ ይሄዳል። የሚሄደውን ከመውቀስ በፊት የሚቀረው በምን እንደሚኖር መጠየቅ ይገባል። እኛ ሂዱ አንልም፤ አትሂዱም አንልም። የምንለው ይህ ነው፤ ሙያውን የሚማር ለሙያው ብሎ ይማር። ለሙያው ብሎ የተማረ ቢሄድም ባለሙያ ነው፣ ቢቀርም ባለሙያ ነው። ለቪዛው ብሎ የተማረ ግን ቪዛው ሲቀር በእጁ የሚቀረው ደረሰኝ ብቻ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ጓደኞቻችንን የምንጠይቀው፣ ዲግሪያቸውን ሳይጨርሱ ለፈተና የቤተ ሰብ ገንዘብ እንዳያወጡ፣ ደንብንም ከደላላ አፍ ሳይሆን ከመንግሥታቱና ከማኅበራቱ ከራሳቸው ጽሑፍ እንዲያነቡ ነው። መምህራንንና የሬጅስትራር ሹማምንትን የምንጠይቀው፣ የየትምህርቱ ዝርዝር መግለጫ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ለተመራቂ እንዲሰጥ ነው፤ ትምህርቱን ተምረን ሳለን መግለጫ አጥተን እንዳልተማርን እንዳንቆጠር። ማኅበራችንን የምንጠይቀው ደግሞ በየግድግዳው የሚለጠፈውን የማስጠኛ ቤት ተስፋ የሚመረምሩ ሁለት ሦስት ሰዎች እንዲሰይም ነው።

ለጓደኛችንም የመከርነውን ነግረን እንጨርሳለን። ለእኅትህ እውነቱን ንገራት አልነው። «እትዬ፣ የሰጠሽኝ ገንዘብ ቪዛ አልገዛም፤ ሁለት ትምህርት ግን አስተምሮኛል። አሁን ዲግሪዬን እጨርሳለሁ፣ ሥራ እይዛለሁ፣ የቀረውን ፈተና በራሴ ደመወዝ እከፍላለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቆርቆሮሽን እቀይራለሁ» በላት አልነው። እርሱም ባለፈው እሑድ ደውሎ ነገራት። እርሷም ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ቆርቆሮው ይቆይ፤ ብቻ ከእንግዲህ ወዲህ ሳታነብ አትፈርም» አለችው።

ለሒሳብ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር ከየትኛውም ማኅበር አላገኘንም።